በሮለር ኮስተር ላይ ስልክ መያዝ ለምን ያሰጋል?

ሮለር ኮስተር ቁልቁል ሲምዘገዘግ ቪዲዮ ለመቅረጽ የወጣ ስልክ በቀላሉ ከእጅ ያመልጣል፤ ያመለጠውም የባቡሩን ፍጥነት እንደያዘ ይወረወራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ስልክ ከታች የቆመን ሰው ቢመታ፣ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከ13 ፎቅ ሕንፃ አናት እንደተለቀቀ ያህል ነው። አቡዳቢ የሚገኘው ፎርሙላ ሮሳ ደግሞ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይከንፋል።

አደጋው ስልኩ መሬት ሲያርፍም አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲዳር ፖይንት በተሰኘው የመዝናኛ ፓርክ፣ ራፕተር ከተባለው ሮለር ኮስተር የወረደ አንድ ጎብኚ የጠፋ ስልኩን ፍለጋ አጥር ተሻግሮ ሲገባ በባቡሩ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ፓርኩ ቆይቶ ስቲል ቬንጀንስ ለተባለው ሮለር ኮስተር ስልክ ይዞ መሰለፍን እንኳ ከልክሎ ነበር። ስልኩ የወደቀበት ሰው ለሠራተኞች ማሳወቅ እንጂ ራሱ ከአጥሩ ማዶ መፈለግ የለበትም።