ከወለቃ ዳገት እስከ ዓባይ በረሃ፦ ብስክሌተኛ በተራራ የሚለካበት ታሪክ

የዳገት ክሮኖ ብስክሌተኞች አንድ በአንድ ከተራራ ግርጌ ተነስተው አናቱ ላይ እስኪደርሱ ሰዓታቸው የሚያዝበት ውድድር ነው። የሚከተሉት፣ ከፊት ሆኖ ነፋስ የሚከላከልላቸው ሰው የለም። በለንደን የካትፎርድ የብስክሌት ክለብ ከ1887 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚያካሂደው የዳገት ውድድር እስከ ዛሬ ካሉት ሁሉ ቀደምቱ እንደሆነ ይነገርለታል። ዳገቱ አጭር ስለሆነ ፈጣኑ ተወዳዳሪ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ቱር ደ ፍራንስ የተራራ ክሮኖን ያስገባው በ1939 በኢዝራን ተራራ ሲሆን ያሸነፈውም ቤልጅየማዊው ሲልቬር ማስ ነበር። በ1958 ደግሞ የሉክሰምበርጉ ሻርሊ ጎል የሞን ቫንቱ ተራራን 21.5 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ወጥቶ ያስመዘገበው ሰዓት የኋላ ጋላቢዎች የሚለኩበት መስፈርት ሆኖ ቆየ።

ዳገት መለኪያ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። በሜዳ ላይ የፈጣን ጋላቢ ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው አየር በመግፋት ስለሆነ፣ ነፋሱ በተቀየረ ቁጥር ሰዓቱም ይለዋወጣል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የአየሩ ድርሻ ትንሽ ይሆንና ጉልበቱ ክብደትን ሽቅብ በማንሳት ላይ ይውላል። ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የሸክላ እንስራ አዝሎ ዳገት የወጣ ሰው ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። ተራራውም ክብደቱም ካልተቀየሩ፣ የተቀየረው ሰዓት የሚናገረው ስለ ሰውየው ጉልበት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚመቹት መንገዶች የተሠሩት ለብስክሌት ታስበው አይደለም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን መንገድ ሲዘረጉ የሚያስቡት ጭነት ስለያዘ ካሚዮን ነበርና፣ ገደሉን በጥምዝ እየቆረጡ ቁመቱን ወደ ረጅም ዳገት ከፋፈሉት። ከጎንደር ወጥቶ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር በነበረችው በወለቃ በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድ የዚያ ሥራ አካል ነው። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ ላይ ሲደርስ ጥምዙ በጥምዝ ላይ እየተደራረበ ቁልቁል ይወርዳል።

ከጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ኮሶዬ ላይ ከ2,800 ሜትር የሚያልፈው የወለቃው መንገድ ለእግር ጥሩ ፈተና ነው፤ ለመለኪያነት ግን ጎደሎ ነው። መሀል ላይ ረባዳና ቁልቁለት አለበት፤ በገበያ ቀን ደግሞ አህያውና በጉ መንገዱን ይሞሉታል። ሰዓቱ ያነሰው በጉልበት ይሁን በቁልቁለቱ ላይ በመድፈር አይለይም።

የዓባይ በረሃ ከዚህ ይሻላል። ከደጀን ወርደው የዓባይን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ እስከ ጎሐ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ዕረፍት ይወጣል፤ የሚጨምረው ከፍታም 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ሲካሄድ የቆየው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ በመተማ ገብቶ በጎንደርና በባሕር ዳር ያልፍ በነበረባቸው ዓመታት፣ ይህን ዳገት ሰዓት የሚያዝበት ክፍል አድርጎት ነበር። በዚህ መንገድ ለሚያልፍ ብስክሌተኛ ከዚህ የተሻለ የዳገት ክሮኖ ማግኘት ያስቸግራል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ ከ10 ኪሎ ብስክሌት ጋር በ80 ደቂቃ ቢወጣ፣ 80 ኪሎ በ9.81 እና በ1,300 ሜትር ተባዝቶ ለ4,800 ሰከንድ ሲካፈል 213 ዋት ገደማ ይሆናል። ጎማና አየር የሚበሉት ሲታከልበት 240 ይጠጋል። ያው ሰው ከወራት ልምምድ በኋላ በ75 ደቂቃ ቢጨርስ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ያወጣው 227 ዋት ነው። አምስት ደቂቃዋ 14 ዋት ገደማ ሆነች ማለት ነው። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ሾበረር በ1986 ፔዳሉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ለመሥራት ኤስአርኤም የተባለውን ኩባንያ እስኪያቋቁም ድረስ፣ አሠልጣኝ በመንገድ ላይ የነበረው ሚዛን ይኸው ነበር። በሰዓት ስንት ሜትር ሽቅብ ተወጣ የሚለውን ስሌት ያስፋፋው ጣሊያናዊ ሐኪም ሚኬሌ ፌራሪ በ2012 በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ለዕድሜ ልክ ታግዷል፤ ቁጥሩ ግን ምንም አላጠፋም።

ኢትዮጵያ በብስክሌት አዲስ አይደለችም። ገረመው ደንቦባን የያዘው ቡድን በ1956 ሜልቦርን ላይ በአገሪቱ የመጀመሪያ ኦሎምፒክ ተወዳድሯል፤ የትግራዩ ጸጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ደጋ ላይ ያደገ ጋላቢ ግን ቁጥሩን ሲያነብ መጠንቀቅ አለበት። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ኦክስጅን ስለሚሳሳ ያው ሰው ኮሶዬ ላይ የሚያወጣው ዋት ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። በረሃው ታች ያለው ሙቀትም ሌላ ዕዳ ነው። ስለዚህ የዓባይን ሰዓት ከሞን ቫንቱ ሰዓት ጋር ማወዳደር ብዙ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው በዚያው ዳገት፣ በማለዳ፣ በአንድ ዓይነት ጭነትና የጎማ ነፋስ፣ ከአንድ ምልክት ተነስቶ አንድ ምልክት ላይ እየጨረሱ የራስን የዘንድሮ ሰዓት ከአምናው ጋር ማስተያየት ነው።