ከሜዳሊያው ወዲያ

በአማተርነቱ ያሸነፈ ቡጢኛ በፕሮፌሽናልነቱም ታላቅ ይሆናል የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. በ1984 ብርቱ ፈተና ገጠመው። ለሎስ አንጀለሱ ኦሊምፒክ በተደረገው የአሜሪካ ማጣሪያ ሄንሪ ቲልማን ወጣቱን ማይክ ታይሰንን ሁለት ጊዜ በነጥብ አሸነፈው፤ በጨዋታውም የከባድ ሚዛን ወርቅ ተሸለመ። በቀላል ከባድ ሚዛን የተሰለፈው ኢቫንደር ሆሊፊልድ ከፍጻሜው በፊት ከውድድር ተሰርዞ ነሐስ ብቻ ደረሰው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። ታይሰን በ1986፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሆሊፊልድ በ1987 ቲልማንን በ7ኛው ዙር ረታው። በ1990 ደግሞ ታይሰን የቀድሞ አሸናፊውን በ1ኛው ዙር ዘረረው።

የዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ቡጢኛ የሚመዘነው በ3 ዙር፣ ራሱን በመከላከያ ሸፍኖ፣ ዳኞች በሚሰጡት ነጥብ ነበር። ፕሮፌሽናሉ ግን ራሱን ገልጦ እስከ 12 ወይም 15 ዙር ይቆም ነበር። (ኮንክሪት ለዓመታት ሲጫኑት የሚያሳየውን ጠባይ የአንድ ቀን ፍተሻ አይናገርም።)

ቢሆንም ሜዳሊያውን ከንቱ ማለት አይገባም። ካሲየስ ክሌይ በ1960፣ ጆ ፍሬዘር በ1964፣ ጆርጅ ፎርማን በ1968 ወርቅ አግኝተው ነው ወደ ሙያው የገቡት፤ ሦስቱም የከባድ ሚዛንን ዘውድ ደፍተዋል። በ1972፣ በ1976 እና በ1980 ወርቁን የወሰደው ኩባዊው ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን ግን፣ አገሩ ፕሮፌሽናል ስፖርትን በመከልከሏ፣ በዚያኛው ሚዛን ሳይለካ ቀረ።