ትንፋሹን ማን በላው? «ዘ ኤክሶርሲስት» ከሲኒማ እስከ ስልካችሁ

አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አልጋዋ ላይ ታስራ ተኝታለች። ርኩስ መንፈስ ይዟታል። ሁለት ካህናት አጠገቧ ቆመው ይጸልያሉ፤ በተነፈሱ ቁጥር ከአፋቸው ነጭ እንፋሎት ይወጣል። መንፈሱ ክፍሉን አቀዝቅዞታል ማለት ነው። ይህ የታወቀው አሜሪካዊ አስፈሪ ፊልም፣ የ«ዘ ኤክሶርሲስት» ትዕይንት ነው። ፊልሙን ካያችሁት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ትንፋሹን አይታችሁታል? «ኧረ አላስታውስም» ካላችሁ ጥፋቱ የዓይናችሁ ላይሆን ይችላል። ያያችሁት ቅጂ በልቶት ይሆናል።

እንዴት እንደሚበላው ለመረዳት የፊልሙን የ50 ዓመት ጉዞ እንከተል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማቀዝቀዣ ውስጥ የተሠራ መኝታ ቤት

ዊልያም ፒተር ብላቲ ልቦለዱን በ1971 አሳተመ። መነሻ የሆነው በ1949 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት «ጋኔን ይዞታል» ተብሎ ጸሎት የተደረገለት የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ልቦለዱን ወደ ፊልም ለወጠው፤ ፊልሙም ዲሴምበር 26 ቀን 1973 ለእይታ በቃ። ለ10 ኦስካር ታጭቶ ሁለቱን ወሰደ፤ አንዱን በብላቲ የፊልም ጽሑፍ፣ ሌላውን በድምፅ።

ፍሪድኪን ትንፋሹ እውነተኛ እንዲሆን ፈለገ። ዛሬ ቢሆን በኮምፒውተር ይጨመር ነበር፤ ያኔ ግን ይህ የለም። ስለዚህ ኒው ዮርክ በሚገኝ ስቱዲዮ የተሠራውን መኝታ ቤት በትላልቅ ማቀዝቀዣዎች ከዜሮ ዲግሪ በታች አወረዱት። ሠራተኞቹ ካፖርት ደርበው ሲሠሩ፣ ልጅቷን የተጫወተችው ሊንዳ ብሌር በሌሊት ልብስ አልጋው ላይ ነበረች።

ቅዝቃዜ ብቻውን ግን አይበቃም። ደብረ ብርሃን በጠዋት ስታወሩ ትንፋሻችሁ ሲጨስ አይታችሁ ይሆናል። የሚታያችሁ ጋዝ አይደለም፤ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ናቸው። እነዚህ ጠብታዎች የሚያርፍባቸውን ብርሃን በአብዛኛው የሚበትኑት ወደፊት ነው። ስለዚህ ደምቀው የሚታዩት ብርሃኑ ከኋላቸው ሲመጣና ከጀርባቸው ያለው ነገር ጨለማ ሲሆን ነው። ጨለማውን ሳያጠፉ ትንፋሹን ማብራት፣ የካሜራ ባለሙያው የኦወን ሮይዝማን ራስ ምታት ይህ ነበር።

ምስሉ የተቀረጸው በፊልም ላይ ነው፤ ፊልም ደግሞ ፒክስል የለውም። ምስሉን የሚፈጥሩት ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚለወጡ የብር ውህድ ቅንጣቶች ናቸው። የቀለም ፊልም ሲታጠብ ብሩ ይወጣና በቦታው ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ይቀራሉ። በትልቅ ስክሪን ስታዩት ልክ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ምስሉ በስሱ ይርገበገባል። ግሬይን የሚባለው ይህ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ የተሠራበት ነገር ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ካሴት የወሰደውና የሰጠው

የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስን በ1976 ገበያ ላይ አዋለ። በ1980ዎቹ ፊልሙ በካሴት ቤት ለቤት ገባ። የካሴት ጥራት ስንት ነው? በቀላሉ ላስረዳችሁ። ቀጫጭን ጥቁርና ነጭ መስመሮችን ጎን ለጎን ደርድራችሁ ብትቀርጹ፣ ቪኤችኤስ መለየት የሚችለው 240 ያህሉን ነው። ከዚያ በላይ ሲሆኑ ተቀላቅለው ግራጫ ይሆናሉ። ቀለሙ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በዚያ ላይ ጨለማ ቦታ ላይ ካሴቱ የራሱን ውዥብር ይጨምራል። ስስ የሆነ ትንፋሽ ከዚህ ጋር ሲደባለቅ ማን ይለየዋል? ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ ከሆነማ፣ በየቅጂው ውዥብሩ እየበዛ ይሄዳል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደጉ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ካሴት ግን ሲኒማ ቤት የማይሰጠውን አንድ ነገር ሰጠ። ፖዝ!

አባ ካራስ የተባለው ካህን ሕልም ሲያይ አንድ ነጭ የጋኔን ፊት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ፊቷን ነጭ ተቀብታ የተቀረጸችው ተዋናይ አይሊን ዲትስ ናት። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው የሚያልፈው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ አጠገባችሁ ያለውን «አየኸው?» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አትችሉም። ፍርሃቱም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አይታችሁ አለማየታችሁን አታውቁትም።

ዴክ ያለው ሰው ግን ወደኋላ መልሶ ያቆመዋል። እንዴት እንደሚቆም ታውቃላችሁ? በዴኩ ውስጥ ሁለት ማንበቢያ ጭንቅላቶች የተገጠሙበት ሲሊንደር በሴኮንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል። ፖዝ ስትሉ ቴፑ ይቆማል፣ ሲሊንደሩ ግን መዞሩን አያቆምም፤ ያችኑ አንዲት የቴፕ ክፍል ደጋግሞ ያነባል። ምስሉ የሚንቀጠቀጠውና መስመር የሚሠራው ለዚህ ነው። ብዙ ዴኮች ቴፑ እንዳይፋቅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፖዙን ራሳቸው ይለቁታል። እንግዲህ አስቡት፦ ካሴቱ ትንፋሹን ደበቀ፣ ሊደበቅ የታሰበውን ፊት ግን አውጥቶ አሰጣው።

ይህ የቤት ውስጥ አስተያየት መንግሥትን እስከማስጨነቅ ደርሷል። ብሪታንያ በ1984 ያወጣችው የቪዲዮ ሕግ፣ ገምጋሚዎቹ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሚታይ መሆኑን በተለይ እንዲያስቡበት ያዝ ነበር። በዚህ ሕግ የተነሳ «ዘ ኤክሶርሲስት» በ1988 ከካሴት ገበያ ወጣ፤ ፈቃድ ያገኘው በ1999 ነው። የሚገርመው፣ በነዚህ ዓመታት ያው ፊልም ሲኒማ ቤት መታየት ይችል ነበር። የሕጉ ጭንቀት ፊልሙን ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ ያየዋል የሚለው ነበር።

ጥራት ሲጨምር የመጣ ሌላ አደጋ

በ1998 ፊልሙ በዲቪዲ ወጣ። የአሜሪካው ዲቪዲ 720 በ480 ፒክስል አለው። በ2010 የመጣው ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ነው፤ በፒክስል ብዛት የዲቪዲው 6 እጥፍ። በ2023፣ በ50ኛ ዓመቱ የወጣው ፎርኬ 3840 በ2160 ሲሆን የዲቪዲው 24 እጥፍ ይሆናል። ፍሪድኪን ያረፈው በዚያው ዓመት ኦገስት 7 ነው።

«በቃ፣ ችግሩ ተፈታ!» እንዳትሉ። ምስሉ ሲጠራ ግሬይኑም አብሮ ይጠራል። «ይህ ሁሉ ነጠብጣብ ምንድነው?» የሚል ተመልካች ይኖራል፤ እሱን ለማስደሰት ደግሞ ግሬይን የሚያጸዳ ሶፍትዌር አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተከታታይ ፍሬሞችን ያነጻጽራል፣ ባለበት የቆየውን «ምስል ነው» ይላል፣ በየፍሬሙ የተለዋወጠውን «ውዥብር ነው» ብሎ ያለሰልሰዋል። አሁን ትንፋሹን አስቡት። ስስ ነው፣ ቅርጽ የለውም፣ በየፍሬሙ ይለዋወጣል። ለሶፍትዌሩ ከግሬይን በምን ይለያል? መጠኑ ከበዛ ትንፋሹን፣ የፊት ቆዳን፣ የግድግዳውን ሸካራነት ሁሉ አብሮ ይጠርገዋል። የፕላስቲክ አሻንጉሊት የመሰሉ ተዋንያን በአሮጌ ፊልም ላይ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል ሲመጣ መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ቀለለ። በ2000 ለሲኒማ የወጣው የተራዘመ ቅጂ በ1973ቱ ያልነበሩ የጋኔን ፊቶች በኮምፒውተር ገብተውበታል። የጨመረው ዳይሬክተሩ ራሱ ስለሆነ መብቱ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ግን በ1973 ሰው የፈራው የትኛውን ፊልም ነበር ብሎ ለሚጠይቅ የታሪክ ተመራማሪ፣ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ አይደሉም።

ስልካችሁስ? በቴሌግራም የሚዞር የተጨመቀ ፋይል ምስሉን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል፣ ዓይን አያስተውለውም ብሎ ባሰበው ቦታ ላይ ዳታ ይቆጥባል። ብዙ ጊዜ የሚሰስተው ጨለማው ላይ ነው። የዚህ ፊልም ዋና ነገር ያለው ደግሞ ጨለማው ውስጥ ነው። ውጤቱ ጥቁር ካሬዎች ሲዘሉ ማየት ነው። ከካሴት 40 ዓመት በኋላ ትንፋሹ እንደገና ተበላ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ፊልሙን ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እኔና እናንተ የምናየው ግን ቅጂውን ነው፤ ስለ ፊልሙ የምንፈርደውም በቅጂው ነው። «አሮጌ ፊልም አያስፈራም» የሚል ጓደኛ ካላችሁ መጀመሪያ የትኛውን እንዳየ ጠይቁት። ከዚያ መብራት አጥፉና በደህና ቅጂ አብራችሁ እዩት። መጀመሪያ ግድግዳውን ተመልከቱ፤ ጤፍ የመሰለው ነገር ይርገበገባል? ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎ የካህናቱን አፍ ተመልከቱ።