ሰዎችና ኤልፎች (በቶልኪን ሥራዎች)

ሰዎችና ኤልፎች በእንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን (1892–1973 እ.ኤ.አ.) ልብ ወለዶች ውስጥ፣ መካከለኛው ምድር በሚባለው ዓለም ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች ናቸው። ኤልፍ ከሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ የተወሰደ፣ እንደ ሰው የሚያስብና የሚናገር ምናባዊ ፍጡር ነው። በቶልኪን ዘንድ ሁለቱን ሕዝቦች የሚለያቸው ዋናው ነገር መልክ ወይም አስማት ሳይሆን ሞት ነው፦ ሰው አርጅቶ ይሞታል፣ ኤልፍ ግን ዓለም እስካለች ድረስ ይኖራል። ደራሲው ራሱ «የቀለበቶቹ ጌታ» (1954–1955) በዋናነት ስለ ሥልጣን ሳይሆን ስለ ሞትና ስለ አለመሞት የተጻፈ መጽሐፍ እንደሆነ በደብዳቤዎቹ ገልጿል።

ተፈጥሮና ዕጣ

ቶልኪን ሰዎችንና ኤልፎችን በሥነ ሕይወት ረገድ እንደ አንድ ዘር ይቆጥራቸው ነበር። በ1954 በጻፈው ደብዳቤ የሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፤ ሁለቱ ተጋብተው ከወለዱ፣ ልጆቻቸውም መልሰው ከወለዱ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሊሆኑ አይችሉም። ልዩነቱ ያለው በዕድሜና በነፍስ ዕጣ ላይ ነው። ኤልፍ በእርጅናም ሆነ በበሽታ አይሞትም፤ ሆኖም በጦርነት ሊገደል ወይም በሐዘን ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜም ነፍሱ ከዓለም አትወጣም። የሙታን ጠባቂ ወደሆነው ወደ ማንዶስ አዳራሾች ትሄዳለች፣ ከጊዜ በኋላም እንደገና ሥጋ ልትለብስ ትችላለች። የሰው ነፍስ ግን ዓለምን ለቅቃ ትሄዳለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ኤልፎች አያውቁም። በእነሱ ትምህርት መሠረት ይህ መሄድ ፈጣሪው ኢሉቫታር ለሰው የሰጠው ስጦታ ነው። ሰዎቹ ግን እንደ ስጦታ ሊያዩት ይቸገራሉ፤ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የሚነሳው ችግርም በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ልዩነቱ ከልጅነት ይጀምራል። የቶልኪን ልጅ ክሪስቶፈር ካሳተማቸው የአባቱ ጽሑፎች በአንዱ እንደሚነበበው፣ የኤልፍ ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው መናገር ይችላል፤ አካሉ ግን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሙሉ ቁመናውን የሚያገኘው በ50 ዓመቱ፣ አንዳንዴም በ100 ዓመቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን የተወለዱ የሰውና የኤልፍ ልጆች አብረው ቢያድጉ፣ አንደኛው የልጅ ልጅ በሚያይበት ዕድሜ ሌላው ገና ሙሉ ሰውነት ላይ መድረሱ ነው።

የፊንሮድና የአንድሬት ክርክር

ጉዳዩ በግልጽ የተነሳበት ጽሑፍ በ1993 በታተመው «የሞርጎት ቀለበት» ውስጥ የሚገኘው የኤልፉ ንጉሥ የፊንሮድና የአዋቂዋ ሴት የአንድሬት ውይይት ነው። ከታወቁት መጻሕፍት ያነሰ አንባቢ ቢኖረውም ርዕሱን ለመረዳት ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማል። አንድሬት በወጣትነቷ ከፊንሮድ ወንድም ከአይግኖር ጋር ተዋደው ነበር፤ እሱ ግን ሳያገባት ሄደ። በውይይቱ ጊዜ እሷ አርጅታለች፣ እሱ ግን ያኔ እንደነበረው ነው። ፊንሮድ ወንድሙ የተዋት ንቋት እንዳልሆነ፣ ኤልፎች በጦርነት ጊዜ እንደማያገቡና አይግኖርም ሌላ ሚስት እንደማይፈልግ ይነግራታል። ኤልፍ በክፉ ከሚያልቅ ፍቅር ይልቅ ሳያልቅ የቀረ መልካም ትዝታ ይመርጣል ይላታል። ይህ ለአንድሬት መጽናኛ አይደለም። ከእሱ ጋር ለምታሳልፈው አንድ ዓመት፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ ያላትን ሁሉ ትሰጥ ነበር፤ ጉልበቷ ሲደክምም ሸክም እንደማትሆንበት ትናገራለች።

በዚያው ውይይት ፊንሮድ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡትን አንድ ነገር ያነሳል። ዓለም መጨረሻ ስላላት የኤልፎችም ዕድሜ መጨረሻ አለው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቃቸው ምንም ተስፋ አልተሰጣቸውም።

ኑሜኖር

ከኤልፎች ጋር ሆነው ሞርጎት የተባለውን ክፉ ኃይል ለተዋጉ ሰዎች ኑሜኖር የምትባል ደሴትና ከሌላው ሰው የረዘመ ዕድሜ ተሰጣቸው። የመጀመሪያው ንጉሥ ኤልሮስ ከሰውና ከኤልፍ የተቀላቀለ ዘር ስለነበረው ምርጫ ተሰጥቶት የሰውን ዕጣ ወሰደ፣ 500 ዓመትም ኖረ። የኤልፎችን ዕጣ የመረጠው ወንድሙ ኤልሮንድ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምድር ቆይቷል።

በኑሜኖር ሰዎች ላይ የተጣለው ክልከላ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የደሴታቸው ዳርቻ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ በመርከብ ወደ ምዕራብ አለመሄድ። የማይሞቱት ምድር በዚያ አቅጣጫ ነበር። መጀመሪያ ኤልፎች በመርከብ እየመጡ ይጎበኟቸው፣ ስጦታም ያመጡላቸው ነበር። ትውልድ ሲያልፍ ግን እነሱ ሳይሞቱ እኛ ለምን እንሞታለን የሚል ጥያቄ ተነሳ። የተጨመረላቸው ዕድሜ ፍርሃታቸውን አልቀነሰውም። ቀድሞ ሕይወታቸውን በፈቃዳቸው ያስረክቡ የነበሩት ነገሥታት እስኪጃጁ ድረስ ዙፋን ላይ መቆየት ጀመሩ፤ ሬሳን ከመበስበስ የማቆየት ጥበብና ታላላቅ መቃብር መሥራት ተስፋፋ። ነገሥታቱ በኤልፎች ቋንቋ መሰየማቸው ቀረ፣ በኋላም ቋንቋው ተከለከለ፣ የኤልፎች ወዳጅ የሆኑ ሰዎችም ተሳደዱ። ከምዕራብ የመጡ መልእክተኞች ያ ምድር ሟቹን የማይሞት እንደማያደርግ፣ እንዲያውም ሰው እዚያ ቶሎ እንደሚደክም አስረድተው ነበር፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። በመጨረሻ ንጉሥ አር-ፋራዞን በሳውሮን ምክር ዘላለማዊነትን በጦር ሊነጥቅ ዘመተ፣ ኑሜኖርም ሰጠመች።

ጋብቻ

በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የተፈጸሙት ታዋቂ ጋብቻዎች ሦስት ናቸው፦ የቤረንና የሉቲየን፣ የቱኦርና የኢድሪል፣ የአራጎርንና የአርዌን። በሦስቱም ሰው የሆነው ባልየው ነው። አርዌን ስታገባ ከ2,700 ዓመት በላይ፣ አራጎርን ደግሞ 88 ዓመቱ ነበር። እሷ የሰውን ዕጣ በመምረጧ ከአባቷ ከኤልሮንድ ጋር ለዘለዓለም ተለያየች፤ ኤልፎች ከሞት በኋላም ከዓለም ስለማይወጡ ይህ መለያየት መገናኛ የለውም። አራጎርን በ210 ዓመቱ ሲሞት ብቻዋን ቀረች፣ ብዙም ሳትቆይ ሰው አልባ በሆነው በሎሪየን ጫካ ሞተች።

ብሪና ሻየር

ሁለቱም ወገን ሟች በሆነበት ቦታ አብሮ መኖር ይቀላል። ብሪ በተባለችው መንደር ሰዎችና ሆቢቶች (ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው፣ የሰው የሩቅ ዘመድ የሆኑ ሕዝቦች) በጉርብትና ይኖራሉ። እዚህ ልዩነቱ የቁመት ጉዳይ ስለሆነ መፍትሔውም የግንበኛ ሥራ ነው፤ የመንደሩ እንግዳ ማረፊያ ለሆቢቶች ከመሬት ቅርብ የሆኑ፣ ክብ መስኮት ያላቸው ክፍሎች አሉት። ይህ ዓይነቱ ኑሮ ከብሪ ውጪ እንደማይገኝ መጽሐፉ ይናገራል። አራጎርን ንጉሥ ከሆነ በኋላ ሰዎች ወደ ሆቢቶች አገር ወደ ሻየር እንዳይገቡ በአዋጅ ከልክሏል፤ እሱም አዋጁን አክብሮ ወዳጆቹን ያገኘው ድንበሩ ላይ ካለው ድልድይ ዘንድ ነው።

ተጽዕኖ

በ1974 የወጣው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ ኤልፎችንና ግማሽ ኤልፎችን ከሰው ጋር በአንድ ቡድን እንዲጓዙ አድርጓል፤ በጨዋታው ግን የዕድሜ ልዩነት ብዙም ክብደት የለውም። ቴሪ ፕራቼት በ«ሜን አት አርምስ» (1993) ጉዳዩን ወደ ከተማ አምጥቶ፣ ሰው፣ ድዋርፍና ትሮል በአንድ የፖሊስ ኃይል ሲቀጠሩ የሚፈጠረውን ግጭት በቀልድ አሳይቷል። የአንድሬትን ጥያቄ ከሌላው ወገን ያነሳው በ2020 መታተም የጀመረው «ፍሪረን» የተባለ የጃፓን ማንጋ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ኤልፍ ስትሆን፣ አሥር ዓመት አብሯት የተጓዘውን ሰው በቅጡ ሳታውቀው እንደቀረች የተረዳችው በቀብሩ ዕለት ነው።