ገደል ማሚቶው ከኪንግስተን እስከ አዲስ አበባ

ደብ የተሰኘው የሙዚቃ ስልት የተወለደው ከኤሌክትሪክ ጠጋኝ እጅ ነው። ኦስቦርን ሩዶክ፣ በቅጽል ስሙ ኪንግ ተቢ፣ ዋተርሃውስ በሚባለው የኪንግስተን የድሆች ሰፈር ራዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚያድስ ባለሙያ ነበር። በ1960ዎቹ መገባደጃ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጃማይካ ሸክላ አሳታሚዎች የዘፋኙን ድምፅ አስቀርተው ሙዚቃውን ብቻ በሸክላው ጀርባ ማተም ሲጀምሩ፣ ተቢ በዚያ በተተወው ባዶ ስፍራ ሌላ ጥበብ ታየው። ባለ አራት ትራክ ሚክሰሩ ፊት ተቀምጦ ጊታሩን ድንገት ያጠፋል፤ ቤዙንና ድራሙን ብቻቸውን ያስኬዳል፤ ከግጥሙ አንዲት ቃል ነጥቆ ገደል ማሚቶ ውስጥ ይለቃታል፤ ቃሊቱም እየደከመች ርቃ ትጠፋለች። ዛሬ ሪሚክስ ለሚባለው አሠራር አንዱ ዋነኛ ምንጭ ይኸው ነው። ተቢ ግን በ1989 በደጁ በጥይት ተገደለ።

ስልቱ ከካሪቢያን ስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ተጋባ። ማድ ፕሮፌሰር በ1995 የብሪስቶሉን የማሲቭ አታክን አልበም በደብ መልሶ ሠራው።

ኢትዮጵያ በሬጌ ግጥም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ብትወደስም፣ በአብዛኛው በስሟ እንጂ በቅኝቷ አልነበረችም። ቅኝቷ የገባው ዘግይቶ ነው። እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ስለ ዓባይና ስለ ዓድዋ ያዜመችበትን የ2001 አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል፣ በ2003 ያንኑ ሥራ በደብ መንገድ ፈትቶ እንደገና ሸመነው። ድምፅዋ እንደ ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል። ድርጊቱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ያስጨንቃል። በእኛ ዘፈን ጌታው ቃል ነውና፣ ስንኙ በግማሽ ሲቆረጥ ወርቁ ከሰሙ ጋር ይቀራል። የጃማይካው ጠጋኝ ቃልን የቆረጠው አድማጩ ሙሉውን ዘፈን አስቀድሞ በሚያውቅበት ሰፈር ነበር፤ አማርኛ የማይሰማው የውጭ አድማጭ ግን የጎደለውን ከየት ይሞላል?

እንግሊዛዊው ኒክ ፔጅ የመረጠው መንገድ የተሻለ ይመስላል። ደብ ኮሎሰስ በተባለው ስብስቡ በ2008 ባወጣው አልበም ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች ጋር ሠራ። የስንታየሁ ዘነበና የፀደንያ ገብረማርቆስ ዜማ፣ የተረማጅ ወረታው መሰንቆ፣ ከሥራቸው የሬጌው ቤዝ። ፔጅ በ2021 አረፈ። የስብስቡ ፒያኖ ተጫዋች ሳሙኤል ይርጋ አስቀድሞ በ2012 «ጉዞ» የተሰኘውን የራሱን አልበም አውጥቶ ነበር።