አንድ ፊደል፣ ሁለት ትእዛዝ፦ የኮንትሮልና የኮማንድ ቁልፎች ታሪክ

ባለፈው ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ባለ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ አንድ ረጅም ስሌት አስጀምሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ለ9 ሰዓታት ያህል ሲሠራ አድሮ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ኮፒ ላድርግ ብዬ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ ተጫንኩ። ቤት ያለው ዊንዶውስ እንደዚያ ነዋ ያስለመደኝ! ቁጥሮቹ ኮፒ አልሆኑም፤ ስሌቱ ግን ቀጥ አለ። የሌሊቱን ሥራ ውሃ በላው።

አጠገቤ የሚሠራው ጓደኛዬ ማክ ነው የሚጠቀመው። እሱ ኮፒ የሚያደርገው ኮማንድን ከሲ ጋር በመጫን ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ስክሪን ብርቅ ወደነበረበት ዘመን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1963 አስኪ የተባለው መለያ ሲወጣ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል ቁጥር ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹ 32 ቁጥሮች ግን ፊደል አልነበሩም። «ወደ ቀጣዩ መስመር ውረድ»፣ «ደወል ደውል»፣ «ጽሑፉ አለቀ» የሚሉ ለማሽኑ የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው። በሽቦ ጽሑፍ የሚልከው ቴሌታይፕ እነዚህን ትእዛዞች የሚልከው በኮንትሮል ቁልፍ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ትልቁ ሲ 67 ነው፤ ኮንትሮል ሲጨመርበት 64 ይቀነሳል፤ 3 ይቀራል። 3 ማለት «ጽሑፉ አለቀ» ነው። የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ኮምፒውተሮች ደግሞ ይህንኑ «ፕሮግራሙን አቁም» ለማለት ተጠቀሙበት፤ የዩኒክስ ዘሮች፣ ሊኑክስም ጭምር፣ ልማዱን ወረሱ።

የኮፒ ታሪክ ሌላ ቦታ ነው የሚጀምረው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ጂፕሲ በተባለ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ቆርጦ መለጠፍን አዳበሩ። ቴስለር በኋላ አፕል ገባ። በ1983 የወጣው ሊሳ ኮምፒውተር ላይ ከታችኛው ረድፍ ጎን ለጎን ያሉት ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲና ቪ የአፕል ምልክት ካለበት ቁልፍ ጋር ተጣመሩ። በ1984 ማክ ሲመጣ ስቲቭ ጆብስ «የአፕል ምልክት በዛ» አለ፤ ሱዛን ኬር በስዊድን የሚጎበኙ ቦታዎችን ለማመልከት የሚያገለግለውን ባለ አራት ቀለበት ምልክት አገኘችለት። ያ ኮማንድ ሆነ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ማክ ኪቦርድ ላይ ኮንትሮል የሚባል ቁልፍ ጭራሽ አልነበረም።

ዊንዶውስ የሚሠራባቸው የአይቢኤም ዓይነት ኪቦርዶች ደግሞ ኮማንድ አልነበራቸውም። ስለዚህ እነዚያው ፊደሎች ከኮንትሮል ጋር ተጣመሩ፤ ግጭቱም ተወለደ። ሊኑክስ በመስኮቶቹ የዊንዶውስን ልማድ፣ በተርሚናሉ ደግሞ የቴሌታይፕን ይከተላል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ተርሚናሎች ላይ ኮፒ ለማድረግ ሺፍት መጨመር ያለባችሁ። ማክ በ2001 ወደ ዩኒክስ ሥርዓት ሲሸጋገር ግን ሁለቱም ቁልፎች በእጁ ስለነበሩ ከግጭቱ ተረፈ።

ደግነቱ ቁልፍ በራሱ ትርጉም የለውም። ኪቦርዱ የሚልከው «የዚህ ቦታ ቁልፍ ተነካ» የሚል ቁጥር ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። አማርኛ ስትጽፉ ኤልን ከዚያም ኢን ተጭናችሁ «ለ» የምታገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማክ ላይ ከሲስተም ሴቲንግስ ገብቶ ኮንትሮልንና ኮማንድን ማለዋወጥ ይቻላል። ካፕስ ሎክን ኮንትሮል የሚያደርጉም ብዙ ናቸው፤ ያው በ1981 የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ላይ ኮንትሮል ከኤ በስተግራ ወደነበረበት ቦታ መመለስ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ማክ ላይ ሁለቱን ስታለዋውጡ ኮፒ ብቻ ሳይሆን «አቁም»ም አብሮ ቦታ ይቀይራል። ከመቀየራችሁ በፊት ሳይሆን ከቀየራችሁ በኋላ ተርሚናል ክፈቱ፣ ቢጠፋ የማይቆጭ ትንሽ ፕሮግራም አስጀምሩ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚያቆመው በጣታችሁ አረጋግጡ። እኔ ይህን የተማርኩት በ9 ሰዓታት ስሌት ነው፤ እናንተ በአንድ ደቂቃ ልትማሩት ትችላላችሁ።