ስኮትላንዳውያን የሚጠሩባቸው ስሞች፤ ትርጉማቸውና አመጣጣቸው

ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1707 ከእንግሊዝ ጋር በአንድ መንግሥት ሥር ብትጠቃለልም፣ ሕዝቧ የራሱን ስምና ማንነት ጠብቆ ኖሯል። ስለዚህ ስኮትላንዳዊን «እንግሊዛዊ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ሁለቱንም ሕዝቦች የሚያቅፈው ስም «ብሪታንያዊ» የሚለው ነው።

የስሙ ባለቤቶች በመጀመሪያ ሌሎች ነበሩ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ጸሐፊዎች «ስኮቲ» ይሏቸው የነበሩት ከአየርላንድ ባሕር ተሻግረው ብሪታንያን የሚወርሩ ሰዎችን ነበር። የቃሉ ጥንተ ትርጉም ምሁራንን እስካሁን ያከራክራል። በዚያን ዘመን በዛሬዋ ስኮትላንድ ምድር ይኖሩ ከነበሩት መካከል ዋነኞቹ ፒክቶች ሲሆኑ፣ ስማቸው በላቲን «ቀለም የተቀቡ» የሚል ትርጉም አለው።

ከጊዜ በኋላ የአየርላንድን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በምዕራቡ ጠረፍ ዳልሪያዳ የተባለ መንግሥት መሠረቱ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን እነርሱና ፒክቶች በአንድ ንጉሥ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ስሙም ቀስ በቀስ የመላው አገር መጠሪያ ሆነ። በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ዮሐንስ ስኮተስ ግን አየርላንዳዊ ነበር፤ ቃሉ ገና የቀድሞ ትርጉሙን አለመልቀቁን ያሳያል። በአገሬው የጌሊክ ቋንቋ አገሪቱ «አልባ»፣ ሰውየው ደግሞ «አልባናኽ» ይባላል።

በእንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ይለያሉ። «ስኮት» ሰውየውን፣ በብዙ ቁጥር «ስኮትስ» ሕዝቡን ይጠራል፤ «ስኮቲሽ» የስኮትላንድ የሆነውን ሁሉ ይገልጻል። «ስኮች» የሚለውን ስኮትላንዳውያን ራሳቸው ይጠቀሙበት የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ ለሰው ሲነገር ብዙዎቹን ቅር ያሰኛል። ቃሉ በይበልጥ የቀረው ለምርት፣ በተለይም ለውስኪ ነው። በሕጉ መሠረት «ስኮች ውስኪ» ሊባል የሚችለው በስኮትላንድ የተጠመቀና የተጣራ፣ በዚያው አገርም በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ መጠጥ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን የቦታው ስም የምርቱ ዋስትና ይሆናል፤ ሌላ አገር ገብስ አብቅሎ፣ ብቅል አዘጋጅቶ ቢያጣራም በስሙ ሊነግድ አይችልም።

በኢትዮጵያ ታሪክም ጉዳዩ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ እንጂ እንግሊዛዊ አልነበረም። በአማርኛ ለወንድ «ስኮትላንዳዊ»፣ ለሴት «ስኮትላንዳዊት»፣ ለብዙዎች «ስኮትላንዳውያን» ማለት ትክክልም ጨዋነትም ነው።